ሌጎስ፣ ስንት ነሽ?

ሌጎስ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንዱን የቢሮ ሰው የነዋሪውን ብዛት ጠየቅሁት። «የማንን ቁጥር?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት ለሌጎስ ግዛት የሰጣት 9.1 ሚሊዮን ሰው ነው። የግዛቷ መንግሥት በበኩሉ አስቆጥሮ 17.5 ሚሊዮን አገኘ። መሀል ላይ የቀረው 8.4 ሚሊዮን ነፍስ ነው። በእኛው በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ነበር፤ ስለዚህ ሌጎስ ውስጥ «አለ» «የለም» የተባባሉበት ሰው ብቻ ሦስት አዲስ አበባ ሞልቶ ይተርፋል። ጠቡ የስም አይደለም። በሕዝብ ብዛት በጀት ይከፈላል፣ የፓርላማ ወንበር ይደለደላል። ፌዴራሉ ባወጣው ውጤት ደግሞ የካኖ ግዛት ሌጎስን 300 ሺህ በማይሞላ ልዩነት በልጣ አንደኛ ሆናለች፤ ሌጎሶች ይህን ሲያነሱ ፊታቸው ይቀየራል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አልተቆጠረችም። (እኛም ከ1999 ወዲህ አልተቆጠርንምና አፌን ይዣለሁ።)

የትኛውም ቁጥር ይያዝ፣ ያ ሁሉ ሰው የሰፈረው ከ36ቱ ግዛቶች በስፋት የመጨረሻዋ በሆነችው ላይ ነው። 3,577 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት፤ ከዚያም ላይ አንድ አምስተኛው ውሃ ነው።

በውሃው ላይ ሦስተኛው ሜይንላንድ ድልድይ ተዘርግቷል። ርዝመቱ 11.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቆ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ካይሮ እስክትበልጠው ድረስ፣ በአፍሪካ በርዝመት የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ ሰኞ ጠዋት ለመሻገር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሒሳቡን መኪናው ውስጥ ሠራሁት፤ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር አንሞላም። የጃን ሜዳ የማለዳ ሯጭ ጥሎን ይሄድ ነበር። ሌጎሶች ይህን «ጎ ስሎው» ይሉታል፤ ሲሉትም እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አድርገው ነው። በስተቀኝ በኩል ማኮኮ ይታያል፤ ቤቶቹ ውሃ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቆመዋል፣ ዓሣ የሚያጨሱበት ጭስ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሰው ከጎረቤት ጎረቤት በታንኳ ይሄዳል። እዚያ የሚኖረውንም ከአስር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች የሚገምተው ብዙ ነው።

የከተማ ባቡር አልታሰበም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀምሮ በ1985 በወታደራዊው መንግሥት ተሰርዟል። የመጀመሪያው 13 ኪሎ ሜትር መንገደኛ ያሳፈረው በ2023 ነው። ለ40 ዓመት ሲካፈል በዓመት 325 ሜትር ይደርሳል።

ማታ ደግሞ ቁጥሩ በጆሮ ይመጣል። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ዋናው የመብራት መስመር በደህና ቀን የሚሸከመው 5,000 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው፤ የህዳሴ ግድባችን ብቻውን 5,150 እንዲያመነጭ ተደርጎ ተሠርቷል። የጎደለውን ጄኔሬተር ይሞላዋል። ከሁሉም ትንሿን፣ አንድ አምፖልና አንድ ቬንቲሌተር የምታንቀሳቅሰዋን፣ «ከጎረቤቴ እሻላለሁ» ብለው ሰይመዋታል። ባረፍኩበት ግቢ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ አንዷ ትነሳለች፣ ቀጥላ ሌላዋ፤ ሰባት ድረስ ቆጥሬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በዚህች ከተማ ቆጥሮ ሲጨርስ ያየሁት የዳንፎ ረዳት ብቻ ነው። ዳንፎ ቢጫ ቀለም ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ሚኒባስ ነው፤ ወንበሩ የሳሳ፣ በሩ አልፎ አልፎ በገመድ የታሰረ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ ወንበር አራት አራት ሰው ይጠቀጥቃል። መውረድ የፈለገ «ኦ ዋ!» ብሎ ይጮኻል። ትርጉሙን ስጠይቅ በዮሩባ «አለ» ማለት ነው አሉኝ። ወራጅ አለ! ከመገናኛ እስከዚህ ድረስ የመጣሁት ይህን ልሰማ ይመስል ብቻዬን ሳቅሁ።

ችግሩ መልስ ነው። ትልቁ ኖት፣ 1,000 ናይራ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ከሰባት ዶላር በላይ ይመነዘር ነበር፤ አሁን አንድ ዶላር አይሞላም። ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሳፈራል፣ ዝርዝር ግን የለም። ረዳቱ መላ አለው፤ መንገደኛን ከመንገደኛ «ያጋባል»። ታሪፉ 500 ነበር። እኔም ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮም ባለ 1,000 ሰጠን። መውረጃችን ሲደርስ አንዱን 1,000 ለሴትዮዋ አስጨብጦ፣ «ማዳም፣ ከኦጋ ጋር!» አለና (ኦጋው እኔ ነኝ) መኪናው ሄደ።

የማላውቃቸው ሴት፣ እኔ፣ አንድ ኖት። ቢሄዱ ምን አደርግ ነበር? እሳቸው ግን ውሃ በጭንቅላቷ ተሸክማ ወደምትዞር ልጅ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሁለት ላስቲክ ውሃ በሃምሳ ሃምሳ ናይራ ገዝተው መልሱን ተቀበሉ፤ ቆሸሽ ያሉትን ኖቶች በምራቅ እያራሱ ሁለቴ ቆጠሩ። ከዚያ 450 ናይራና አንድ ቀዝቃዛ ላስቲክ ውሃ እጄ ላይ አስቀመጡ። ጠምቶኝ እንደሆነ አልጠየቁኝም።