በመጋቢት ስለሚፈርዱ የቤዝቦል ወዳጆች

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ በየዓመቱ በመጋቢት ወር ሲከፈት፥ በየቤቱ በራት ገበታ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ቡድኑ ሁለት ቀን ቢያሸንፍ አባት ዋንጫውን እንደ ተቀበለ ሆኖ ይስቃል፤ ሦስት ቀን ቢሸነፍ አሠልጣኙ ይሻር ይላል። ገና 162 ግጥሚያ መኖሩን ማን ያስታውሰው? እኛ ግን ይህን ችኮላ አንነቅፍም፤ የብርዱን ወራት ሁሉ ያለ ጨዋታ የቆየ ሰው ቢቸኩል አያስደንቅም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓመት ተፊ ሮድስ የተባለ የቺካጎ ኩብስ ተጫዋች በመክፈቻው ቀን ኳሱን 3 ጊዜ ከአጥር ውጭ አሻግሮ መታ። በዚያ ዓመት በጠቅላላው የመታው ግን 8 ብቻ ነው፤ ቡድኑም ያኑ ቀን ተሸንፏል። በ2019 ደግሞ የዋሽንግተን ናሽናልስ ከ50 ግጥሚያ 31ዱን ተሸንፎ ሳለ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን የባልቲሞር ሰዎች ነገር ነው። በ1988 ኦሪዮልስ የተባለው ቡድናቸው ከመክፈቻው ጀምሮ 21 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። አሠልጣኙ ሚስተር ካል ሪፕከን ከ6ኛው ሽንፈት በኋላ ተሻሩ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በዚያው ቡድን ተጫዋቾች ነበሩና፥ የቤቱን ኀዘን መገመት አያስቸግርም። አንድ ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ቡድን ወደ ከተማው ሲመለስ ግን፥ ከ50,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ በጭብጨባ ተቀበለው። በዚያም ምሽት አሸነፈ።