«ገጠመ» እና ዘመዶቹ፦ የማገናኘት ግሶች ፍቺ በአማርኛ

መግቢያ

ለዚህ መጣጥፍ መነሻ የሆነኝ የራሴ የእርማት ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ዲላ ከተማ ውስጥ የትርጉም ትምህርት በማስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቼ በፈተና ካቀረብሁላቸው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ ስለ አንድ ተናጋሪ የሚያወሳ ሲሆን፣ የሰውዬው ሐሳቦች እርስ በርሳቸው «ኮኔክት» እንደማያደርጉ የሚገልጽ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች «ሐሳቦቹ አይያያዙም» ብለው ተረጎሙት። ከጌዴኦ ዞን ከገደብ የመጣ፣ አፉን በጌዴኡፋ የፈታ አንድ ተማሪ ግን «ሐሳቦቹ አይገጥሙም» ሲል ጻፈ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «አይያያዙም» የሚለውን ከላዩ ጻፍሁበትና ነጥቡን ቀነስሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለ ሆነ ቃሉ ተምታቶበታል የሚል ግምት ነበረኝ። ግምቴ ትክክል እንዳልነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በዚህ አጭር መጣጥፍ ስሕተቱ ከምን እንደ መነጨና ስለ «ገጠመ» ምን እንዳስተማረኝ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የእንግሊዝኛው ቃል ስፋት

«ኮኔክት» ምንጩ ላቲን ነው። በላቲን የመጀመሪያው ክፍል «አብሮ»፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ «አሰረ» የሚል ፍቺ ስላለው፣ የቃሉ መነሻ ምስል ገመድና ቋጠሮ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ይህን አንድ ቃል እጅግ አስፍቶ ይጠቀምበታል። ሁለት ሽቦዎች፣ ሁለት ከተሞች፣ በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ሐሳቦች፣ አንዱን አውሮፕላን ለቅቆ ሌላውን የሚሳፈር መንገደኛ፣ በቶሎ የተግባቡ ሁለት እንግዶች፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ይገለጻሉ።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ አቻ የለውም። ከመተርጎማችን በፊት «የተገናኙት በምን ዓይነት ሁኔታ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ነገሮቹ አንዱ ሌላውን እንዲይዝ ከተደረጉ «አያያዘ» እንላለን፤ መሠረቱ «ያዘ» ነው፤ ማስረጃን ከማመልከቻ ጋር እንደምናያይዘው። ጫፍ ለጫፍ ሆነው ርዝመት ከተጨመረ «ቀጠለ» ነው፤ ገመድ አጥሮ ሲቀጠል እንደሚባለው። ተለያይተው የነበሩ እንዲደራረሱ ከተደረገ «አገናኘ» ነው፤ መሠረቱም «አገኘ» ስለ ሆነ መንገዱ ዲላን ከገደብ ያገናኛል፣ ደላላም ሻጭና ገዥን ያገናኛል። የደም ወይም የባሕርይ ቅርበት ሲታሰብ «አዛመደ»፣ እንዳይላቀቁ ማድረግ ሲታሰብ ደግሞ «አስተሳሰረ» ይመጣል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆመው «ገጠመ» ነው።

በገደብ አናጢ ቤት የሰማሁት

ገደብ ከዲላ በስተደቡብ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ ታልፎ የሚደረስባት የቡና አገር ናት። ለአንድ ጉዳይ ወደዚያ በሄድሁበት ጊዜ ዝናብ ስለ ያዘኝ በአንድ አናጢ በረንዳ ተጠለልሁ። ሽማግሌው አናጢ ረዳታቸው የሠራውን በር አንሥተው ከመቃኑ ጋር ሞከሩትና፣ «በሚስማር አያያዝኸው እንጂ አልገጠመም፤ ነቅለህ እንደገና ላገው» አሉት።

ያን የሰረዝሁትን ቃል ያስታወስሁት በዚህ ጊዜ ነው። «አባባ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሳንቃዎቹ እንደሆኑ ተገናኝተዋል» አልኋቸው። መምህር መሆኔን ቀደም ብዬ ነግሬያቸው ነበርና፣ «መምህር፣ የተያያዘውን ሚስማሩ ነው የያዘው። የገጠመውን ግን እንጨቱ ራሱ ይይዘዋል» ሲሉ መለሱልኝ።

ይህ አነጋገር የሁለቱን ግሶች ፍቺ በሚገባ ይለያል። መያያዝ ከውጭ የመጣ ሦስተኛ ነገር፣ ማለትም ሚስማር፣ ገመድ ወይም ሙጫ ይፈልጋል። መግጠም ግን የሁለቱ ነገሮች ቅርጽ እርስ በርሱ መስማማቱን ያመለክታል። ስለዚህ ተማሪው «ሐሳቦቹ አይገጥሙም» ሲል፣ ተናጋሪው ሐሳቦቹን በ«ስለዚህ» እና በ«ምክንያቱም» ቢያያይዛቸውም እንኳ አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይስማማ መግለጹ ነበር። የኔ እርማት ሚስማሩን ሲያይ፣ የተማሪው ቃል እንጨቱን አይቷል።

የ«ገጠመ» ፍቺዎች

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው እንዳደረጉት ቃላትን በግሳቸው ሥር ሰብስቦ ማየት ጠቃሚ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ተራርቀው የሚታዩ ፍቺዎች አንድ ላይ ሲሰፍሩ ዝምድናቸው ይገለጣል።

አንደኛ፣ በር ወይም ክዳን ቦታው ላይ ልክ ሲቀመጥ ገጠመ ይባላል። የተሰበረ አጥንትም በወጌሻ እጅ ይገጥማል፤ «መገጣጠሚያ» የሚለው የአካል ክፍል ስም፣ እንዲሁም የመኪና «መገጣጠም» ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሁለተኛ፣ ባዶ ቦታ ሳይቀር መሙላትን ያሳያል፤ አዳራሹ በሰው ግጥም አለ እንላለን። «ግጥም አድርጎ ጠጣ» የሚለውም ከንፈርና ዋንጫ ሳይላቀቁ መጠጣትን ከማሳየት የመጣ ይመስለኛል። ሦስተኛ፣ ፊት ለፊት መገናኘትን ያመለክታል፤ ጦር ከጦር ይገጥማል፣ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖችም ግጥሚያ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ «ከእነርሱ ጋር ገጠመ» የሚለው ሐረግ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ ሊሰጥ እንደሚችል ልብ ይሏል፦ ተዋጋቸው፣ ወይም ወገናቸው ሆነ። የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ሳይታሰብ መድረስን ይገልጻል፤ «አጋጣሚ» እና «ገጠመኝ» ከዚህ ይመደባሉ።

«ገጠመኝ» በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ቅርጹ «ችግር ገጠመኝ» እንደምንለው ከነተሳቢው የቆመ ግስ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ እንደ ስም ሆኖ «ገጠመኜ»፣ «ገጠመኞች» እየተባለ ይረባል። ባለቤቱ የደረሰው ነገር ሲሆን፣ ሰውዬው ተሳቢ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ገጠመኙን ሲያወጋ ነገሩ ወደ እርሱ እንደ መጣ፣ እርሱም እንደ መቃኑ ቆሞ እንደ ተቀበለው አድርጎ ይናገራል።

ግጥም ለምን «ግጥም» ተባለ?

አምስተኛው ፍቺ ለእኛ ሙያ የቀረበው ነው። ብዙ ተማሪዎች ግጥም የተባለው ስንኞቹ ቤት ስለሚመቱ፣ ማለትም የመጨረሻ ድምፃቸው ስለሚገጥም ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በአናጢው መለኪያ ከሄድን ቤት መምታት የሚስማሩን ሥራ ይሠራል እንጂ መግጠምን ብቻውን አያስገኝም። ለማሳያ ያህል በወል ቤት ምጣኔ፣ ማለትም በየሐረጉ 6፣ በየስንኙ 12 ቀለም አድርጌ ያቆምኋቸውን ስንኞች እንመልከት፦

ቀይ ሆነ ቡናችን፣ ደረሰ ገበያ፣
ወንድሜም ሄደልኝ፣ ይዞ መጥረቢያ።

ምጣኔው ልክ ነው፤ ቤቱም መትቷል። ሆኖም የቡናው መድረስና የወንድሙ መጥረቢያ ምን እንዳገናኛቸው አይታወቅም። ስንኞቹ ተያይዘዋል እንጂ አልገጠሙም። ሁለተኛውን ስንኝ ብንለውጠውስ?

ቀይ ሆነ ቡናችን፣ ደረሰ ገበያ፣
እንግዲህ የለኝም፣ ለዕዳ ማቆያ።

በዚህኛው የቡናው መቅላት ደስታም ሥጋትም ይሆናል። «ቡናው ሲደርስ እከፍላለሁ» ብሎ የተበደረ ገበሬ ቀጠሮው ደረሰበት። «ገበያ» እና «ማቆያ» የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ስለሚያልቅ በትርጉምም ነው። ድምፁና ሐሳቡ እርስ በርስ ሲይዙ፣ ያኔ ግጥም ገጠመ ይባላል።

አንድ ጥንቃቄ

የድምፅ መመሳሰል ሁልጊዜ የዝምድና ምልክት አይደለም። የከተማይቱ ስም ገደብ፣ በአማርኛ ወሰን ወይም የውኃ መከተሪያ ከሚለው «ገደብ» ጋር በድምፅ ይገጥማል። ይህን ይዞ ብቻ የከተማይቱ ስም ከአማርኛው ቃል መጣ ማለት ግን ከላይ እንዳየነው የመጀመሪያ ምሳሌ ቤት ስለ መታ ብቻ ገጠመ እንደ ማለት ነው። ሞክሼ ቃላትና ብዙ ፍቺ ያለው አንድ ቃል የሚለዩት በታሪካቸው ስለ ሆነ፣ የቦታ ስም ሲጠና በመጀመሪያ የሚጠየቀው የቦታው ሕዝብ ቋንቋ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ታየው «ገጠመ» አምስት ተራ ፍቺዎች የተደረደሩበት ቃል ሳይሆን፣ ልክ ለልክ መገናኘት የሚል አንድ እምብርት ያለው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ከገመድ ሲነሣ የእኛው ከቅርጽ መስማማት ይነሣል። ተርጓሚ ይህን ልዩነት ካላስተዋለ በየቦታው «ማያያዝ» እያለ ሚስማር ሲመታ ይኖራል።

ያ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ስለ ሄደ የቀነስሁበትን ነጥብ ልመልስለት አልቻልሁም። የሥራ ባልደረቦቼን ግን አንድ ነገር አሳስባለሁ። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ የተማረ ተማሪ እኛ ያልጠበቅነውን ቃል ሲጽፍ፣ ከመሰረዛችን በፊት መዝገበ ቃላቱን ከፍተን የቃሉን ዘመዶች እንይ። ቃሉን ከአናጢ፣ ከገበያ፣ ከወጌሻ ሰምቶት ይሆናልና፣ ከእኛ ይልቅ ወደ መሠረቱ የቀረበ ፍቺ ይዞ ሊገኝ ይችላል።