የኑግ አበባ አንድ አበባ አይደለም

መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰውን የኑግ አበባ አንዱን ቀጥፈን በጣት ብንፈለቅቀው፣ የበርካታ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሆኖ እናገኘዋለን። የመሃሎቹ አምስት እኩል ጫፍ ስላላቸው በአምስት መስመር እኩል ይከፈላሉ። ዙሪያውን የከበቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት የሚሆኑት፣ ግን እንደ ምላስ ወደ ውጭ ብቻ ተለጥጠዋል፤ እኩል የሚከፍላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከተቀመጡበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የመሃሉን አበባ በሁሉም አቅጣጫ ጎረቤት ይጫነዋል፤ የዳሩ በአንድ ወገን ክፍት ነው። ድንብላልም ላይ ይኸው ይታያል፤ ከዘለላው ዳር ያሉት አበቦች ወደ ውጭ የዞረው ቅጠላቸው ከሌላው ይተልቃል። ባቄላ ደግሞ ከአገዳው ጎን ስለሚያብብ ላይና ታቹ አይመሳሰልም።

ነገሩ ለዓይን ውበት ብቻ አይደለም። ኑግ በራሱ የወንዴ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ተክል ብናኝ ይፈልጋል፣ በዋናነት የምታመጣለትም ንብ ናት። የዳር ምላሶቹ ንቧን ከሩቅ ይጠራሉ። የመሃሎቹ በአንድ ቀን አይፈኩም፤ ከዳር ወደ መሃል በተራ ስለሚከፈቱ አንዱ ራስ ለቀናት ንብ ይጠብቃል።

በእነዚያ ቀናት አጠገቡ ባለ ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ፀረ ተባይ ቢረጭ፣ የሚጎዳው የጎረቤት ቀፎ ብቻ ሳይሆን የኑጉ ፍሬም ነው። የወረዳ ባለሙያዎች የርጭት ቀን ሲቆርጡ በአካባቢው ኑግ ማበቡን አስቀድመው ቢያዩ፣ ርጭቱ የማይቀር ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ቢደረግ ይሻላል።