ሳይድህ ለሄደ ልጅ አትጨነቁ

ሰሞኑን በወላጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ወሬ አለ። ሳይድህ በቀጥታ ቆሞ የሄደ ልጅ የቀኝና የግራ አንጎሉ «ስለማይገናኝ» ትምህርት ቤት ሲገባ ማንበብ ይከብደዋል ይላል። ወሬው መድኃኒትም አብሮ ያዝዛል፤ ልጁን መልሶ ማስዳህ! ሳሎኑን በሁለት እግሩ የሚያቋርጥን የዓመት ከሦስት ወር ልጅ በግድ አንበርክኮ ማስለቀስ ሕክምና ተብሎ ሲወራ ዝም ማለት አይቻልም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግሌን ዶማንና ካርል ዴላካቶ የተባሉ ሰዎች ፊላደልፊያ ላይ ያስፋፉት ሐሳብ ነው። አንጎል የሚያድገው በደረጃ ነው፤ እንደ መዳህ ያለ አንድ ደረጃ ከተዘለለ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይናጋል፤ ስለዚህ ማንበብ ያቃተውን ልጅ ወለል ላይ ማስዳህ ይጠቅመዋል ይሉ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1982 ሕክምናው በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀ፤ በ1999ም ደገመው። ወሬው ግን ማስጠንቀቂያውን ጥሎ እኛ ዘንድ ደረሰ።

መሠረታዊውን ቁጥር ቶሎ ልበለው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከ800 በላይ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ከመቶ አራት ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ድኸው አያውቁም። አንዳንዱ በቂጡ ይንፏቀቃል፣ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ከርሞ አንድ ቀን ብድግ ይላል። ያለ ድጋፍ መራመድም ከ8 ወር ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ባለው ጊዜ ይመጣል። ይኸው ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው፤ ወሬውንም ከሥሩ የሚነቅለው እሱ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍ ሕፃናትን በተዳፋት ላይ ታስኬዳለች። መሣሪያው ከሜዳ እስከ 36 ዲግሪ ቁልቁለት ይስተካከላል፤ እናት ወይም አባት ከታች ሆነው ይጣራሉ፣ አጥኚዋ ከጎን ሆና የሚወድቀውን ትቀልባለች። መዳህ የጀመረ ሰሞን ሕፃኑ ምንም ያህል ቀጥ ያለ ቁልቁለት ቢያጋጥመው በጭንቅላቱ ይገባበታል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ የማይችለውን ይተወዋል፤ ወይም ዞሮ በእግሩ በኩል ይንሸራተታል። ወራት የፈጀ እውቀት ነው።

ከዚያ ልጁ ቆሞ መሄድ ይጀምራል፣ እውቀቱም አብሮት አይሻገርም። ትናንት በጉልበቱ ሆኖ እምቢ ያለውን ቁልቁለት ዛሬ ቆሞ ዘው ይልበታል። ይባስ ብሎ፣ አንዳንዱ ልጅ በዚያው ቀን፣ በዚያው ተዳፋት ላይ፣ በጉልበቱ ሲያስቀምጡት ይመለሳል፣ ሲያቆሙት ይወድቃል! በመቀመጥና በመዳህ መካከልም እንዲሁ ነው። ዘጠኝ ወር ተኩል ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ተቀምጠው ሳሉ ከፊታቸው ያለውን ክፍተት በትክክል ገምተው ይጠነቀቃሉ፤ ለመዳህ በተንበረከኩበት ጊዜ ግን ገደሉ ውስጥ ይገባሉ። ፈረስ መጋለብ የተካነ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ እንደሚንገዳገደው ነው፤ ሚዛን መጠበቅ አንድ ችሎታ ሳይሆን ለየአቋቋሙ ለብቻው የሚለመድ ነው። የሚሠራው ጡንቻ ይለያል፣ ሰውነቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያል፣ ዓይን የሚያየውም ይለያል፤ የሚድህ ልጅ ፊት ወለል ብቻ ነው ያለው፣ የቆመው ቤቱን በሙሉ ያያል።

ስለዚህ «የቤቱን ደረጃ ለምዶታል» የምትሉት ልጅ የለመደው በጉልበቱ ነው። ወፌ ቆመች በተባለለት ሳምንት እንደ አዲስ ጠብቁት።

ታዲያ መዳህ የተካነ ልጅ ለምን ጥሎት መውደቅን ይመርጣል? አዶልፍና ባልደረቦቿ በ2012 እንዳሳዩት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ተራማጆች በጨዋታ ላይ ሳሉ በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፣ 17 ጊዜም ይወድቃሉ። ጀማሪ ተራማጅ ከተካነ ዳሂ ይልቅ በሰዓት ብዙ ይወድቃል። ግን ብዙ ርቀትም ይሄዳል፤ ከእንቅስቃሴው ጋር ሲመዛዘን አወዳደቁ አይብስም። ልጁ አልከሰረም።

የወራት የመዳህ ጥበብ እዚያው ሳሎን ውስጥ ወደ መራመድ ካልተሻገረ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ፊደል ላይ ይደርሳል ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ግን የሙያ ጓደኞቼ ይቆጡኛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 መዳህን ከእድገት መከታተያ ዝርዝሩ ሲያወጣ፣ እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች ዘንድ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። መዳህ ትከሻንና እጅን ያጠነክራል፣ ልጅም ወለል ላይ እንዲጫወት ዕድል ይሰጠዋል፤ በዚህ እስማማለሁ። የተዳፋቱ ሙከራም በዋናነት በአሜሪካ ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ጥናት አምስት አገሮችም ኢትዮጵያ የለችም፤ ቀኑን እናቱ ጀርባ ላይ የሚውል ልጅ ወለል የሚነካበት ሰዓት ሌላ ነው። ቻርልስ ሱፐር በ1976 የኬንያ ኪፕሲጊስ ሕፃናት፣ ቤተሰቦቻቸው ሆን ብለው ስለሚያለማምዷቸው፣ ከአሜሪካ ልጆች ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚራመዱ፣ ባልተለማመዱት ግን እንደማይቀድሙ አሳይቷል። የጊዜ ሰሌዳው ከአስተዳደግ ጋር ይለዋወጣል። ይህ ሁሉ ግን «ያልዳኸ አያነብም» ወደሚለው አያደርስም።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ ሲድህም ሆነ ሲቀመጥ አንዱን ጎን ብቻ የሚጎትት ልጅ፣ 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደ ልጅ፣ ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ። ሐኪሙ የጡንቻውን ጥንካሬና የዳሌውን መገጣጠሚያ ያያል፣ አስፈላጊ ከሆነም ሌላ ምርመራ ያዝዛል።