ሳይናይድ ሁሉ አንድ አይደለም

ሳይናይድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሞት ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ፖታሲየም ሳይናይድ በጥቂቱም ይገድላል። ስሙ የተጠራበትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ግን ስህተት ነው።

ሳይናይድ የአንድ ካርቦንና የአንድ ናይትሮጅን አቶም ጥምረት ነው። የሚገድለው ሰውነት ውስጥ ተፈትቶ ሲለቀቅ ነው፤ ያኔ ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል። ብረት አጥብቆ ከያዘው ግን በቀላሉ አይፈታም። በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና መሣሪያ የወጣ ጨረር አመንጪ ሲዚየም ሰዎችን በበከለ ጊዜ 46 ሕሙማን የዋጡት መድኃኒት ፕሩሺያን ብሉ ነበር፤ የብረትና የሳይናይድ ውህድ ማለት ነው። ሲዚየሙን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። በአንዳንድ የገበታ ጨው ማሸጊያ ላይ የሚነበበውና ሰው የሚደነግጥበት ኢ-536ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጨው እንዳይጓጉል በጣም በጥቂቱ ይጨመራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሳይናይድ ያለበት ውህድ ሁሉ እንዲህ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኒኬል ሳይናይድ መርዝ ነው፤ የኒኬል ውህዶች ደግሞ ካንሰር ያመጣሉ። ተመራማሪዎች ግን አይተዉትም፤ ምክንያቱም አቶሞቹ የተደረደሩበት መንገድ እጅግ ያስደንቃል። እያንዳንዱ ኒኬል በአራት ሳይናይድ ተከቦ ባለ አራት ማዕዘን መረብ ይሠራል፤ መረቦቹም አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ።

ሁለተኛው የተሳሳተ እምነት እንዲህ ያሉ ውህዶች ከሚሠሩበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። «በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተሠራ» ሲባል ነገሩን የሚጨፈልቅ ግዙፍ ማሽን ይታሰበናል። አልማዝ በፋብሪካ በዚህ መንገድ ሲሠራ በእርግጥም 50,000 ያህል የከባቢ አየር ግፊት ያስፈልጋል። ድርብርብ የሳይናይድ ውህዶችን በክሪስታል መልክ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚበቃው ግን በእጅ የሚያዝ ወፍራም የብረት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ነጭ የቴፍሎን ኩባያ አለ፣ ክዳኑ በብሎን ይጠብቃል። ውህዱና ውሃ ገብተውበት ተዘግቶ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግፊቱን የሚፈጥረው ውሃው ራሱ ነው። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የእንፋሎቱ ግፊት 10 ከባቢ አየር ያህል ይደርሳል። ይህም ውሃው ተኖ እንዳያልቅ ያደርጋል እንጂ ምንም አይጨፈልቅም።

ጥቅሙ ጊዜ መስጠቱ ነው። እነዚህ ውህዶች ውሃ ውስጥ በጭንቅ ስለሚሟሙ፣ እንዲሁ ከተቀላቀሉ ወዲያው ዱቄት ሆነው ይዘቅጣሉ፤ አቶሞቹ ቦታቸውን ሳይዙ ይቀራሉ። በጋለ ውሃ ውስጥ ግን ጥቂት በጥቂት እየሟሙ፣ እንደገና እየሰፈሩ፣ ቀስ ብለው ክሪስታል ያበጃሉ። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም፤ ከልክ ካለፈ ውሃው ራሱ ሳይናይዱን ያፈርሰዋል።

ሦስተኛው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፦ ጠጣር ነገር ሲሞቅ ይሰፋል። ኒኬል ሳይናይድ ይህን በከፊል ይጥሳል። ሙቀት ሲጨምር በሁለት ኒኬሎች መካከል ያለው የሳይናይድ ድልድይ ወደ ጎን አጥብቆ ይወዛወዛል፤ ሁለት ልጆች የያዙት የመዝለያ ገመድ በኃይል ሲሽከረከር ልጆቹን እንደሚያቀራርብ፣ ኒኬሎቹም ይቀራረባሉ። መረቡ በሙቀት ይጠባል። በመረቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን በሰፊው ይጨምራል፤ እያንዳንዱ መረብ እየጠበበ ጠጣሩ በጥቅሉ የሚሰፋው በዚህ የተነሳ ነው።