የቀን ቴሌቪዥን ታሪክ አዘጋጅ ሥራ

በአሜሪቃ አገር የቴሌቪዥን ጨዋታ የማታና የቀን ተብሎ ይከፈላል። የማታው፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከሥራ ተመልሶ የሚያየው ነው፤ የቀኑ ግን በቤት ለሚውሉ ሴቶች ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፥ አንድ ረጅም ታሪክ በየቀኑ እየተከፈለ ይታይበታል። ቀድሞ ወጪውን የሚችሉት አብዛኛውን ጊዜ የሳሙና ኩባንያዎች ስለ ነበሩ፥ ሕዝቡ የሳሙና ቴያትር ብሎ ሰየመው። ሥራውን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚመራው ሰው ፕሮዲውሰር፥ ማለት አዘጋጅ ይባላል። ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንደኛዋ፥ ደራሲም አዘጋጅም የነበሩት ወይዘሪት ኢርና ፊሊፕስ ናቸው።

ወይዘሪት ኢርና በ1901 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ አስተማሪ ሆነው ሠሩ። በ1930 ዓ.ም. በቺካጎ ለሚገኝ አንድ የራዲዮ ጣቢያ በየቀኑ የሚነገር የቤተ ሰብ ታሪክ ደረሱ። ታሪኩ በተወደደ ጊዜ ወደ ሰፊ የራዲዮ ኩባንያ ሊያዛውሩት ቢጠይቁ፥ ጣቢያው ደመወዝ ተቀብለው የጻፉት ነውና ንብረቱ የእኔ ነው ብሎ ከለከላቸው። ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱም ዳኞች ለጣቢያው ፈረዱ። በ1932 ዓ.ም. የጀመሩትን ሁለተኛውን ታሪክ ግን በራሳቸው ንብረትነት ያዙት። የእጁን ሥራ ያለ ውል የሚሰጥ ሰው ኋላ እንደሚጸጸት ከዚህ መማር ይቻላል።

በ1949 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን ያመጡት የመጀመሪያው ታሪክ ከአንድ ወር ጥቂት አልፎ ተቋረጠ። እርሳቸው ግን ተስፋ አልቈረጡም። በ1937 ዓ.ም. በራዲዮ የጀመሩት «መሪ ብርሃን» የተባለው ታሪክ በ1952 ዓ.ም. በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በየቀኑም 15 ደቂቃ ይወስድ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ታሪክ አውጥተው ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ከፍ አደረጉት። ሲደርሱ በእጃቸው አይጽፉም ነበር፤ የእያንዳንዱን ሰው ቃል እንደ ጠባዩ እየተናገሩ ጸሐፊያቸው ትጽፍላቸው ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን ደቀ መዛሙርት ማፍራታቸው ነው። አግነስ ኒክሰን የምትባለው ወጣት ደራሲ መሆን ስትመኝ፥ አባቷ ለሙታን የሚሆን ልብስ በሚሠራው ድርጅታቸው እንድትሠራ ይፈልጉ ነበር። ወይዘሪት ኢርና ምኞቷን እንዲያስተዋት ብለው ወደ እርሳቸው ሰደዷት። እርሳቸው ግን ጽሑፏን ካነበቡ በኋላ በዚያው ቀጠሯት።

ይህች አግነስ በ1962 ዓ.ም. «መሪ ብርሃን»ን በምትጽፍበት ጊዜ፥ አንዲት ሴት የማሕፀን ካንሰር ሳይጠናባት በምርመራ ተገኝቶላት ስትድን የሚያሳይ ታሪክ ልታስገባ ፈለገች። ሐሳቧም ሴቶች ሳይታመሙ አስቀድመው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ለመምከር ነበር። ወጪውን የሚከፍለው ኩባንያና የቴሌቪዥኑ ድርጅት ካንሰርና ማሕፀን የሚሉት ቃላት እንዳይነገሩ አድርጋ እንድትጽፍ ፈቀዱላት። እርሷም ቃላቱን ሳትጠራ ነገሩን አስረዳች። የሚያሳፍር የሚመስለው ነገር በታሪክ አማካይነት ሲነገር ያለ ኀፍረት እንደሚሰማ በዚህ ታወቀ።

ወይዘሪት ኢርና በ1973 ዓ.ም. ይጽፉት ከነበረው ታሪክ ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። «መሪ ብርሃን» ግን ከራዲዮው ዘመን ጀምሮ 72 ዓመት ቈይቶ በ2009 ዓ.ም. ተፈጸመ። አግነስም በ1968 እና በ1970 ዓ.ም. የራሷን ታሪኮች አውጥታ ስመ ጥር ሆነች። እንግዲህ በሥራው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሥራው የሚነሣበት ቀን አይቀርለትም፤ ያስተማረው ሰው ግን ሥራውን ተቀብሎ ወደ ፊት ያደርሰዋል። ተማሪን የሚያሳድግ መምህር ይህን አስቦ ሊጽናና ይገባዋል።