የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር አይድንም

በገጠር ከአባት ለልጅ ሲተላለፉ የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም አንዱ በ1920ዎቹ ከቤልጅግ አገር ተገዝቶ የመጣውና ስሙንም ከዚያው ያገኘው «ቤልጅግ» የተባለው የማውዘር ዓይነት ነው። ብረቱ ዘመን ሲሻገር እንጨቱ ግን ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ይሰነጠቃል። በተለይ የሚጎዳው እጅ የሚጨብጠው የሰደፉ አንገት ሲሆን፥ ባለቤቱ በጠፍር ወይም በሽቦ ጠምጥሞ ያቆየዋል። ይህ ግን መድኃኒት አይደለም። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል ተቀብሎ ለትከሻ የሚያስተላልፈው ሰደፉ ስለሆነ፥ የተሰነጠቀው እንጨት አንድ ቀን ተኳሹ እጅ ላይ ይሰበራል።

ምትክ ሰደፍ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የጠመንጃውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ አለበት። «ማውዘር» መባሉ ብቻ አይበቃም። ለምሳሌ የዩጎዝላቪያው ኤም 48 የብረት አካል ከጀርመኑ ማውዘር 98 በስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያጥር የአንዱ ሰደፍ ለሌላው አይገጥምም።

ቀጥሎ የሚመረመረው እንጨቱ ነው። ሞፈር የሚጠርብ ገበሬ ጠማማውን ትቶ ቀጥ ያለውን እንደሚመርጥ ሁሉ፥ በሰደፉም አንገት ላይ የእንጨቱ መስመር በርዝመቱ የሚሄድ እንጂ የሚያቋርጥ መሆን የለበትም። በአናጢ የሚሠራ ከሆነም እንጨቱ በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፥ ብሎኖቹም ይላላሉ።

ሥራው ሲጀመር ጠመንጃው ጥይት የሌለበት መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያም የብረቱ ሆድ በዘይት የተለወሰ የኩራዝ ጥላሸት በስሱ ተቀብቶ እንጨቱ ላይ ይቀመጥና ይነሳል። ጥላሸት የነካው ቦታ ብቻ በመሮ በጥቂት በጥቂቱ ይላጋል፤ ይህም ደጋግሞ ይሠራል። ከተፋቀ በኋላ የሚመለስ እንጨት ስለሌለ መቸኮል አይገባም።

ዋናው ቁም ነገር በማውዘሩ ሆድ ሥር ያለችው የብረት ጥርስ ናት። ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ እንጨቱን መደገፍ አለበት። ካልደገፈ ምቱ በብረቱ ጅራት በኩል ወደ ሰደፉ አንገት ይሄድና አዲሱንም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከጅራቱ ኋላ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ይተዋል። የፊተኛው ብሎንም ዘልቆ መቀርቀሪያውን እንዳይነካ ይታያል፤ መቀርቀሪያው ያለ ችግር ካልተዘጋ፥ ቃታውም ተስቦ ካልተመለሰ መሣሪያው አይተኮስም። በመጨረሻም እንጨቱ የተልባ ዘይት በስሱ እየተቀባ ይደርቃል፤ ይህም እርጥበት ቶሎ እንዳይገባው ይረዳል።

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። ስለሆነም ባለቤቱ ሰደፍ ከማስለወጡ በፊት ፈቃድ የሰጠውን ክፍል ያማክር፤ ሥራውንም ለሚያውቅ ሰው ይስጥ። የገበሬው መሪዎችም በጠፍር የታሰረ ሰደፍ ሲያዩ «ገና ይሠራል» ብለው ማለፍ አይገባቸውም። ሰደፉ በሌላ ይተካል፤ የገበሬ እጅ ግን ምትክ የለውም።